«የፈረስ ኪራይን አይጨምርም»፦ በተራራው መንገድ ሒሳቡን ሲከፍል የኖረው ማን ነው?

ቅዳሜ ማለዳ፣ ገና 12 ሰዓት ሳይሞላ፣ በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ በጀሞ በኩል የሚያልፍ ሰው ሁለት ዓይነት መንገደኛ ያያል። አንደኛው ከሰበታና ከዓለም ገና አቅጣጫ ወተቱን፣ አትክልቱንና ከሰሉን ይዞ ወደ ከተማ የሚገባው ነው። ሁለተኛው የስፖርት ጫማ ተጫምቶ፣ ቦርሳውን በጀርባው አዝሎ፣ ከከተማ የሚያወጣውን መኪና የሚጠብቀው ወጣት ነው። መድረሻው ወንጪ ነው። ተራራ ወጥቶ፣ ሐይቅ አይቶ፣ ፈረስ ጋልቦ፣ ፎቶ ተነስቶ ማታ ይመለሳል።

ማስታወቂያው የደረሰው በቴሌግራም ነው። ዋጋው ምን ምን እንደሚያካትት በዝርዝር ተጽፏል፦ ትራንስፖርት፣ ቁርስ፣ ምሳ፣ የታሸገ ውሃ፣ መግቢያ፣ አስተባባሪ፣ ፎቶ። ከሁሉም በታች በእንዲህ ዓይነት ማስታወቂያዎች ላይ የማትጠፋ አንዲት መስመር አለች፦ «የፈረስ ኪራይን አይጨምርም»።

ንፋስ ስልክ ስሙን ያገኘው ሽቦ ከሌለው የቴሌግራፍ ጣቢያ ነው። ዛሬም የጉዞ ጥሪው እዚያው ሰፈር የሚደርሰው በነፋስ ላይ ነው። የተለወጠው መሣሪያው ነው። ያቺ የመጨረሻ መስመር የያዘችው ሐሳብ ግን ከቴሌግራፍም ከቴሌግራምም በጣም ይቀድማል። በኢትዮጵያ ተራሮች ላይ በፈረስና በበቅሎ መጓዝ፣ ሲመሽም በገበሬ ቤት ማደር፣ ቢያንስ 500 ዓመት የተጻፈ ታሪክ አለው። በዚህ ረጅም ታሪክ ውስጥ ፈረሱን ያቀረበው፣ መደቡን የለቀቀውና እንጀራውን የጋገረው ሰው በአብዛኛው ከሒሳብ ውጭ ነበር።

ዛሬ አገሪቱ ተራራዋንና ባህሏን ለቱሪስት ልትሸጥ ተነስታለች። ስለዚህ ታሪኩን ከዚህ ጫፍ ማንበብ ይጠቅማል፤ ጥያቄው ቀላል ነው፦ ማን ጋለበ? ማን አስተናገደ? ማን ከፈለ?

ድርጎ፦ የንጉሥ እንግዳ፣ የገበሬ ዕዳ

እ.ኤ.አ. በ1520 የፖርቱጋል መልእክተኞች ወደ አጼ ልብነ ድንግል ሲመጡ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ የሚባል ቄስ አብሯቸው ነበር። ስድስት ዓመት በአገሪቱ ቆይቶ የጻፈው መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1540 ሊዝበን ላይ ታተመ። ንባቡ ለዛሬ አገር ጎብኚ የሚያስቀና ነው፦ በቅሎ፣ ገደል፣ አምባ፣ ገዳም፣ በየማረፊያው ዳቦና ሥጋ። ነገር ግን በዚያው ትረካ ውስጥ ሌላ ታሪክም አለ። የንጉሡ ሰው አብሯቸው እየሄደ በየመንደሩ ዕቃ ተሸካሚና ስንቅ አቅራቢ እንዲወጣ ያዛል። አንዳንዱ መንደር ይታዘዛል፤ አንዳንዱ ይደበቃል። አንዳንድ ቦታ ደግሞ አገሬው እንግዶቹን በድንጋይ ተቀብሏቸዋል።

ያ ድንጋይ ብዙ ጊዜ እንደ «ሽፍትነት» ተነቧል። ከገበሬው ደጅ ሆኖ ሲታይ ግን ትርጉሙ ሌላ ነው። አንድ ሰው ሳይጠራው መጥቶ በጉን የሚያርድበት፣ ገብሱን ለበቅሎ የሚሰጥበትና ልጁን ሸክም የሚያሸክምበት ከሆነ እንግዳ ሳይሆን ሌላ ዓይነት ግብር ሰብሳቢ ነው።

ይህ አሠራር ስም ነበረው፦ ድርጎ። ንጉሡ ወይም የአገሩ ገዢ እንግዳውን በክብር ከተቀበለ ባልደራባ ይመድብለታል፤ የዕለት ቀለብም ይቆርጥለታል። እንጀራው፣ በጉ፣ ማሩ፣ ጠጁ፣ ለከብቶቹ ሣሩና ገብሱ ተቆጥሮ ይታዘዛል። ትእዛዙ ከገዢው ወደ ምስለኔው፣ ከምስለኔው ወደ ጭቃ ሹሙ ይወርዳል። ጭቃ ሹሙ በየጎጆው ያከፋፍለዋል፦ አንዱ እንጀራ፣ አንዱ በግ፣ አንዱ እንጨት። ለንጉሡ ቸርነት ከንጉሡ ጎተራ አንዲት ቁና እህል ላይጎድል ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1841 ወደ ሸዋው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ የመጣው የእንግሊዝ መልእክተኛ ኮርንዋሊስ ሃሪስ ይህን ቃል በመጽሐፉ ውስጥ ሳይተረጉም «ድርጎ» ብሎ ደጋግሞ ጽፎታል። በእንግሊዝኛ የሚተካ ቃል አላገኘለት ይሆናል።

ከሁሉም የጉዞ ታሪኮች ይህን ግንኙነት ይበልጥ የሚያሳየው የጀምስ ብሩስ ነው። ስኮትላንዳዊው ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 ከጎንደር ተነስቶ ወደ ግሽ ዓባይ ሲጓዝ በዳሞት ገዢ በፋሲል እጅ ላይ ወደቀ። ፋሲል መጀመሪያ አስፈራራው፤ ኋላ ላይ ግን ወዳጅ ሆነው ፈረስ ሰጠው። ስጦታው አንድ ትእዛዝ ነበረው። ብሩስ በፈረሱ ላይ መቀመጥ የለበትም። ኮርቻውንና ልጓሙን እንደያዘ፣ ሰው ሳይቀመጥበት፣ ከፊት ከፊት ሊያስነዳው ይገባል። የሜጫ ሰው ያንን ፈረስ ሲያይ የማን እንደሆነ ያውቃል፤ ማንም አይነካውም።

ባዶ ኮርቻ የፓስፖርት ሥራ ሠራ ማለት ነው። ፈረሱ ያለፈበት መንደር ሁሉ መንገድ ለቀቀ፣ ቤት ለቀቀ፣ ምግብ አቀረበ። ይህ ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ ስለ ፋሲል ብልሃትና ስለ ብሩስ ዕድል ይተረካል። ያንን ባዶ ኮርቻ ሲያይ ከቤቱ ወጥቶ ለእንግዳው መደቡን የለቀቀው ገበሬ ግን ስሙም አልተጻፈ፣ ድርሻውም አልተነገረ።

የፈረሱ ስም እና የፈረሱ ጠባቂ

ኢትዮጵያ ፈረስ የማትረሳ አገር ናት። አጼ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ አጼ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ አጼ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ራስ አሉላ አባ ነጋ፣ ራስ መኮንን አባ ቃኘው፣ ደጃዝማች ባልቻ አባ ነፍሶ፣ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ አባ መላ ይባላሉ። ጌታው በፈረሱ ስም ይጠራል፤ ፈረሱም በጌታው ዝና ይኖራል። ፈረሱን ያጠጣው፣ ሌሊት ገብስ ያቀረበለትና ኮርቻውን ያጠበቀለት ሰው ግን በዚህ ዝርዝር ውስጥ የለም።

ለመንገድ ግን ጌታውም ቢሆን የሚመርጠው በቅሎን ነበር። ፈረስ ለጦርነት፣ ለጉግስና ለክብር ነው፤ ረጅሙን ገደላማ መንገድ የምትችለው በቅሎ ናት። በቅሎ እግሯን አይታ ትረግጣለች፣ በጥቂት መኖ ትውላለች፣ ቆላ ስትወርድም በሽታን ከፈረስ በተሻለ ትቋቋማለች። ስለዚህ መኳንንቱ በበቅሎ ተቀምጠው፣ የጦር ፈረሳቸውን ከጎናቸው እያስጎተቱ ይሄዱ ነበር። ፈረስ የሚደላው ደጋ ላይ ነው፤ ዛሬም የፈረስ ጉዞ የሚታወቅባቸው ስፍራዎች ባሌ፣ አርሲ፣ ወንጪ፣ ሰሜንና አዊ የሆኑት ለዚህ ነው።

ገበሬው ራሱ ፈረሱን ያከበረበት አንድ ትልቅ ምሳሌ አለ። የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በ1932 ዓ.ም. ተመሠረተ፤ በየዓመቱ ጥር 23 ቀን እንጅባራ ላይ በዓሉን ያከብራል። በዓሉ በዓድዋ የዘመቱትን ፈረሶችና ፈረሰኞች ያስባል። በዚያ ሜዳ ላይ ፈረሱን የሚጋልበው ባለቤቱ ነው። ያስጌጠውም፣ ያሳደገውም፣ በበዓሉ የሚመሰገነውም እርሱ ነው። የአዊ ገበሬ የንጉሥ ባልደራስ ሆኖ ሳይሆን በራሱ ስም ይሰለፋል። ስለ ፈረስ ቱሪዝም የሚያስብ ሁሉ መነሻ ቢያደርገው የሚገባው ይህን ሜዳ ነው።

ከክፉ ቀን እስከ አሥራት

እንግዳን የማስተናገድ ግዴታው በመልእክተኞችና በአሳሾች ቢያበቃ ኖሮ ባልከበደ። ትልቁ እንግዳ ወታደሩ ነበር። ደመወዝ የሌለው ሠራዊት የሚኖረው ከገበሬው ማጀት ነው። አጼ ቴዎድሮስ ወታደሩ በደመወዝ እንዲኖርና ገበሬውን እንዳይዘርፍ ለማድረግ ሞክረው ነበር፤ ግምጃ ቤታቸው ግን ሐሳባቸውን አልተሸከመላቸውም።

ከ1880 ዓ.ም. ጀምሮ ክፉ ቀን ሲመጣ ነገሩ ገደል አፋፍ ደረሰ። የከብት በሽታ በሬውን ጨረሰው፤ ማሳው ጦም አደረ። በሬ የሌለው ገበሬ ለራሱ የሚበላው ሳያገኝ ወታደር ሊቀልብ አይችልም። እ.ኤ.አ. በ1892 አጼ ምኒልክ አሥራት የሚባለውን ግብር ደነገጉ። ገበሬው ከምርቱ አንድ አሥረኛውን ይሰጣል፤ በምትኩ ወታደሩ በየቤቱ እየተመደበ መብላቱ ይቀራል። በተግባር አዋጁ በየቦታው አልተከበረም፤ ሐሳቡ ግን ትልቅ ነበር። መስተንግዶ ዋጋ እንዳለው፣ ዋጋውም ወሰን ሊኖረው እንደሚገባ መንግሥት በአዋጅ የተናገረበት ጊዜ ነበር።

ይህ ሁሉ ሲባል የአገሩን የእንግዳ አቀባበል ማሳነስ አይደለም። «የእግዜር እንግዳ» ብሎ ደጅ ለቆመ ሰው በሩን የሚከፍት፣ ከልጆቹ አፍ ነጥቆ የሚያበላ፣ እግር የሚያጥብ ገበሬ ትናንትም ነበረ፤ ዛሬም አለ። አየርላንዳዊቷ ደርቭላ መርፊ እ.ኤ.አ. ከ1966 እስከ 1967 ከምፅዋ ተነስታ፣ በአብዛኛው በእግሯ፣ አዲስ አበባ ስትገባ ጓዟን የተሸከመላት «ጆክ» ብላ የጠራችው በቅሎ ነበር። ያደረችውም በየገበሬው ጎጆ ነው። በመንገዷ ዘራፊም ገጥሟታል፤ ለማታውቀው መንገደኛ መደብ የለቀቀ ድሃም ገጥሟታል። ያ ቸርነት እውነተኛ ነው። ችግሩ ቸርነቱን እንደ ነፃ ሀብት ቆጥሮ የሚነግድበት ሦስተኛ ወገን ሲመጣ ነው።

«ታሪካዊ እርሻ» ያልኖረን ለምንድን ነው?

በሌላው ዓለም የፈረስ ጉዞ ዕረፍት የታወቀ መልክ አለው። በአርጀንቲና እስታንሲያ በሚባሉት ሰፋፊ የከብት እርባታዎች፣ በፖርቱጋል ኪንታ በሚባሉት የገጠር ይዞታዎች እንግዳው ቀኑን ሲጋልብ ይውላል። ማታ በመቶ ዓመታት ዕድሜ ባለው የእርሻ ግቢ ያርፋል፤ ባለርስቱም የአያቶቹን ፎቶ እያሳየ ወይን ይቀዳለታል። ለእንግዳው የሚሸጠው አልጋው ብቻ አይደለም፤ የቤቱ ታሪክም ነው።

ኢትዮጵያ ውስጥ እንዲህ ዓይነት ግቢ ፈልጎ የሚሄድ ሰው ብዙ አያገኝም። ባላባቱም መኳንንቱም ግቢ ነበራቸው። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ግን የገጠር መሬት የሕዝብ ሆነ፤ አንድ ቤተሰብ የሚይዘው ከ10 ሔክታር እንዳይበልጥ ተወሰነ። ጭሰኝነትም አበቃ። የባላባቱ ግቢ ከመሬቱ ተለየ፤ አንዳንዱ የገበሬ ማኅበር ቢሮ፣ አንዳንዱ ትምህርት ቤት፣ አንዳንዱ ፍርስራሽ ሆነ። «መሬት ላራሹ» ያለ ትውልድ ለቱሪስት ምቾት ብሎ የጌቶችን ሳሎን ሊያቆይ አይችልም ነበር፤ ሊያቆይም አይገባውም።

ከዚህ የሚወጣው ትምህርት ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። በዚህ አገር «ታሪካዊው እርሻ» የገበሬው የራሱ ጎጆ ነው። ከአንድ ሺህ ዓመት በላይ በበሬ ሲታረስ የኖረ ማሳ፣ ከአያት የተወረሰ የእንሰት ጓሮ፣ ከብትና ሰው በአንድ ጣሪያ የሚያድሩበት ቤት፣ ጀንዲ የተነጠፈበት መደብ ነው። የእስታንሲያው እንግዳ ለባለርስቱ ይከፍላል። እዚህ ግን ባለታሪኩም ባለቤቱም ገበሬው ስለሆነ ክፍያው ለእርሱ ካልደረሰ ለማንም አልደረሰም ማለት ነው።

ይህን ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ላፍቶ በኦሮምኛ ግራር ማለት ነው። በፉሪ ተራራ ግርጌ ያለው ላፍቶ፣ ለቡ፣ ጀሞና ሃና ማርያም በአንድ ትውልድ ዕድሜ ውስጥ ጤፍ የሚታጨድበት፣ ከብት የሚሰማራበት፣ ፈረስ ቤተ ክርስቲያንና ገበያ የሚያደርስበት የኦሮሞ ገበሬዎች አገር ነበር። የጅማ ቡና በሲራራ ነጋዴ በቅሎ ተጭኖ ወደ አዲስ አበባ ሲገባ ያልፍ የነበረው በዚሁ በደቡብ ምዕራብ በር በኩል ነው። ዛሬ ያ ማሳ ኮንዶሚኒየም፣ የሪል እስቴት መንደርና ቀለበት መንገድ ተሸክሟል።

ከተማ ማደጉ አይቀርም፤ ሰውም ቤት ያስፈልገዋል። የካሳው ስሌት ግን ልብ ሊባል ይገባል። በ1997 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 455 መሬቱን በቋሚነት ለሚለቅ ገበሬ የሚከፍለው የማሳውን አማካይ ዓመታዊ ገቢ አሥር እጥፍ ነበር። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161 ወደ 15 እጥፍ ከፍ አደረገው። የሚቆጠረው እህሉ፣ ዛፉና ቤቱ ነው። ከከተማ በአንድ ሰዓት ርቀት፣ ተራራ ግርጌ፣ ፈረስና የጥንት እርሻ ይዞ እንግዳ ሊያሳድር ይችል የነበረ ቤተሰብ ያጣው የነገ ገቢ በየትኛውም ቅጽ ላይ ቦታ የለውም። በራሱ የቀድሞ ማሳ ላይ በቆመ ሕንፃ ዘበኛ ሆኖ የተቀጠረ ገበሬ ታሪክ ለአዲስ አበባ ዳርቻ ነዋሪ አዲስ አይደለም። የለቡ ፈረስም የመጨረሻ ዕጣው ጋሪ መጎተት ሆነ።

ዶዶላ፦ ሒሳቡ የተገለበጠበት ቦታ

እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ በአዳባና በዶዶላ ተራሮች አንድ ያልተለመደ ሥራ ተጀመረ። መነሻው ቱሪዝም ሳይሆን ደን ነበር። ዝግባውና ጽዱ በመጥረቢያ እያለቀ ነው፤ መንግሥት በጥበቃ ኃይል ሊያስቆመው አልቻለም። በጀርመን የቴክኒክ ትብብር ድርጅት፣ በጂቲዜድ፣ ድጋፍ የተጀመረው ፕሮጀክት ደኑን ውስጡ ለሚኖረው ሰው በውል ማስረከብ የሚል ሐሳብ ይዞ መጣ። ማኅበሮቹ «ዋጂብ» ተባሉ፤ ይህ ስም በኦሮምኛ የደን ነዋሪዎች ማኅበር የሚለው አጭር መጠሪያ ነው። ስሌቱ ግልጽ ነበር፦ ለአንድ አባወራ 12 ሔክታር ደን፣ በአንድ ማኅበር እስከ 30 አባወራ፣ ስለዚህ አንድ ማኅበር የሚይዘው ደን ከ360 ሔክታር አይበልጥም። ማኅበሩ ደኑን ይጠብቃል፤ ከደኑ የመጠቀም መብቱም የእርሱ ይሆናል።

ገበሬው ከመጥረቢያ ሌላ ገቢ ያስፈልገው ነበር። ፈረሱ እዚህ ላይ ገባ። የአርሲና የባሌ ደጋ ሰው ከልጅነቱ በኮርቻ ላይ ያደገ ነው። ዋሆሮ፣ አንጋፉ፣ አደሌ፣ ሞሎሊቾና ዱሮ በተባሉ ቦታዎች፣ ከባሕር ጠለል ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ፣ አምስት የእንግዳ ማረፊያ ጎጆዎች ተሠሩ። ከአንዱ ወደ ሌላው ያለው ርቀት የአንድ ቀን የፈረስ መንገድ ነው። እንግዳው ዶዶላ ከተማ ላይ ይመዘገባል፤ አስጎብኚው ከአካባቢው ነው፣ ፈረሱ የአካባቢው ገበሬ ነው፣ ማረፊያውን የሚጠብቀውም የአካባቢው ሰው ነው። ለእያንዳንዱ አገልግሎት የታወቀ ዋጋ አለ፤ ለፈረሱ ለብቻው፣ ለአስጎብኚው ለብቻው፣ ለማረፊያው ለብቻው።

በአልቫሬዝ ዘመን ትእዛዝ ከላይ ይወርዳል፤ ወጪው ታች ይቀራል። ዶዶላ ላይ ገንዘቡ የሚጀምረው ከታች፣ ከፈረሱ ባለቤት ነው። የጭቃ ሹሙን ሥራ የማኅበሩ ተራ አስከባሪ ተረከበው። ጭቃ ሹሙ ዕዳ ያከፋፍል ነበር፤ ተራ አስከባሪው ገቢ ያከፋፍላል።

ተመሳሳይ ሐሳብ በሰሜን ወሎ መቄት ላይም ተሞከረ። እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ «ተስፋ» በተባለው የማኅበረሰብ ቱሪዝም ሥራ መጀመሪያ መቋት ማርያም፣ ቀጥሎም ዋጀላና ሌሎች ቦታዎች ላይ የገጠሩ ሕዝብ የራሱን የእንግዳ ጎጆዎች ሠራ። ገደል አፋፍ ላይ የቆሙት ጎጆዎች ባለቤታቸው የመንደሩ ማኅበር ነው። እንግዳው በእግሩ ይሄዳል፤ ጓዙን አህያና በቅሎ ይሸከሙለታል።

ይህ መንገድ ለአፍሪካ እንግዳ አይደለም። ተራራማዋ ሌሶቶ በባሶቶ ፈረሶቿ ትታወቃለች። ማሌአሌአ በተባለው ስፍራ፣ በቀድሞ የንግድ ጣቢያ ግቢ ውስጥ በተቋቋመ ሎጅ የሚያርፉ እንግዶች ተራራውን የሚያቋርጡት በመንደርተኛው ፈረስ ነው፤ የሚያድሩትም በመንደርተኛው ጎጆ ውስጥ ነው። ሎጁ አልጋ አለው፤ ፈረስ ግን ከጎረቤቱ ይከራያል። የድርሻ ክፍፍሉ የገባው ባለሀብት ጎረቤቱን አይተካም፤ ያሠራዋል።

ወንጪ፦ የዛሬው ፈተና

አሁን ወደ ጀሞው ቅዳሜ እንመለስ። መኪናው በዓለም ገና፣ በሰበታና በቱሉ ቦሎ አድርጎ ወሊሶ ይደርሳል፤ ከዚያ ወደ ደጋው ይወጣል። ወንጪ በጠፋ እሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ የተኛ ሐይቅ ነው። በመካከሉ ባለች ደሴት ላይ የቂርቆስ ገዳም አለ፤ ዙሪያው ገብስ፣ እንሰትና የፍል ውሃ ምንጭ ነው። ከአፋፉ እስከ ሐይቁ መውረድ ለጉልበት ቀላል ነው፤ መውጣቱ ነው ፈረስ የሚያስመኘው። የወንጪ ገበሬዎች ይህን ካወቁ ቆይተዋል። በ1990ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ማኅበር አቋቁመው ፈረሳቸውን በተራ ማከራየት፣ ጀልባቸውን በተራ ማቅረብ፣ እንግዳን በተራ መምራት ጀመሩ። እ.ኤ.አ. በ2021 የዓለም ቱሪዝም ድርጅት ከዓለም ዙሪያ ከመረጣቸው 44 ምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዱ ወንጪ ሆነ። የሽልማቱ ስም ራሱ «መንደር» እንደሚል ልብ ይሏል።

በ«ገበታ ለሀገር» ፕሮጀክት ወንጪ ከጎርጎራና ከኮይሻ ጋር ተመርጦ በ2016 ዓ.ም. አዲሱ ሎጅ ተመረቀ። መንገዱ ተሻሻለ፤ ስሙ በየቴሌቪዥኑ ተሰማ። ይህ በጎ ነው፤ መንገድ የሌለው ውበት ለባለቤቱም አይጠቅምም። ዳሩ ግን ሎጅ ሲመጣ ሦስት ነገሮች አብረው ይመጣሉ፦ ዋጋው በከተማ ይወሰናል፣ እንግዳው ከግቢው ሳይወጣ ሁሉን ያገኛል፣ መኪናውም እስከ አፋፉ ይደርሳል። ሦስቱም የፈረሱን ባለቤት ወደ ዳር ይገፉታል። ነገ ሎጁ የራሱን ፈረሶች ገዝቶ፣ የራሱን ጋላቢ ቀጥሮ «ሁሉን ያካተተ» ጥቅል ቢሸጥ ከሕግ አንፃር የሚከለክለው የለም። የተራው ሥርዓት ግን በዚያው ያበቃል፤ የመንደሩ ሰው ከባለቤትነት ወደ ቅጥር፣ ከቅጥርም ወደ ተመልካችነት ይወርዳል።

ሌላው ፈተና ሰላም ነው። በሽታውና ጦርነቱ ይህን ሥራ ምን ያህል በቀላሉ እንደሚያፈርሱት አሳይተዋል። ኮሮና እንግዳውን አስቀረ። የሰሜኑ ጦርነት በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ላሊበላና አካባቢው ደረሰ። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ ደግሞ የአማራ ክልል በግጭት ውስጥ ነው። የመቄት ጎጆ የሚጠብቀው እንግዳ በሩቅ ቀርቷል፤ የሰሜን ተራራ በቅሎ ነጂም ገቢው ደርቋል። ትልቅ ሆቴል ሲዘጋ ባንክ ያውቀዋል፤ ኢንሹራንስም ይኖረው ይሆናል። ፈረሱን የሸጠ ገበሬ ግን መዘጋቱን የሚመዘግብለት መሥሪያ ቤት የለም። እንግዳ አንድ ቀን ሲመለስ ፈረሱ በቦታው ላይኖር ይችላል።

መስመሯን ማስተካከል

አንዳንድ ሰው «ገበሬው ከእንግዳው ጋር በቀጥታ ይደራደር፤ ለምን በጥቅሉ ውስጥ ይገባል?» ሊል ይችላል። ሐሳቡ ክብደት አለው፤ ገንዘቡ በአዘጋጁ እጅ አልፎ እንዳይሸራረፍ ይረዳል። ቦታው ላይ የሚሆነው ግን ሌላ ነው። እንግዳው ለትራንስፖርቱ፣ ለምሳውና ለፎቶው ሙሉ ዋጋ ከፍሎ ኪሱ ሳስቶ ተራራው ሥር ይደርሳል። እዚያ የሚጠብቀው ፈረሰኛ ያልታሰበ ወጪ ይሆንበታል። ድርድሩ ወደ ጭቅጭቅ ያመራል፤ ፈረሰኛው «አስጨናቂ» ይባላል። ለአውቶቡሱ ያልተከራከረ ሰው በፈረሱ ላይ ይከራከራል። የቀኑ ትዝታ የሚሆነው ግን አውቶቡሱ አይደለም፤ ስልኩን ከፍቶ ለጓደኛው የሚያሳየው በፈረሱ ላይ የተነሳውን ፎቶ ነው።

መፍትሔው ከባድ አይደለም። ዶዶላ ከ25 ዓመት በፊት ያደረገችው ነው። የፈረሱ ዋጋ በማኅበሩ ይወሰን፣ በማስታወቂያው ላይ በግልጽ ይጻፍ፣ ክፍያው በቀጥታ ለማኅበሩ ይድረስ። ጉዞ አዘጋጁ የራሱን ትርፍ በራሱ ሥራ ላይ ያስላ። መንግሥት ሎጅ ሲሠራ በውሉ ውስጥ አንድ አንቀጽ ይጨምር፦ ፈረስ፣ በቅሎ፣ ጀልባና መንገድ መሪ ከአካባቢው ማኅበር እንጂ ከሌላ አይወሰድም። ይህ ልመናም ምጽዋትም አይደለም። ከአልቫሬዝ በቅሎ ጀምሮ ሳይከፈል የቆየ ሒሳብን ከዛሬ ጀምሮ በትክክል መያዝ ነው።

አባ ዳኘው፣ አባ ነጋ፣ አባ ነፍሶ እያለ ፈረስን በስሙ የሚጠራ ሕዝብ የፈረሱን ባለቤት ስም ማወቅ አያቅተውም። በመጪው ቅዳሜ ከጀሞ የሚነሳው መንገደኛ ወንጪ ሲደርስ ከኮርቻው ከመቀመጡ በፊት ልጓሙን የያዘለትን ሰው ስሙን ይጠይቀው። አዘጋጁ ደግሞ ለቀጣዩ ጉዞ ማስታወቂያ ሲጽፍ ከመጨረሻዋ መስመር አንድ ፊደል ይቀንስላት፤ «አይጨምርም» የሚለውን «ይጨምራል» ያድርገው።